በአንድ ዓይኗ የምትጠቅሰው መኪና

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይመስለኛል፤ የጋራዤ ደጃፍ ጭቃ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ዓመቱን ብትጠይቁኝ ግን ሁለት ሦስቱን አምታታለሁ። ባለቤቴን ብጠይቃት ታውቀዋለች። እሷን ጠይቄ ከጻፍኩት ግን ትዝታው የእሷ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኮልፌ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት መኪና ተጠጋግቶ የሚቆምበት የቆርቆሮ ጥላ ነው። ትምህርቴም እንደ ጋራዤ ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። ሥራ የጀመርኩት በጎሚስታነት ነው፤ ጎማ እየነፋሁ፣ ቀዳዳ እየለጠፍኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሞተር ተሻገርኩ። ያሻገረኝም ጆሮዬ ነው። የካቻቢቴውን እጀታ ከጆሮዬ ኋላ ያለው አጥንት ላይ አስደግፌ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጌ፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሚያነክስ እናገር ነበር። ከዓለም ባንክ ሰፈርም ከጦር ኃይሎች አካባቢም "እስቲ ስማልኝ" እያሉ ይመጣሉ። ሌላው መካኒክ ፈትቶ ያያል፤ እኔ ሰምቼ ነበር የምፈታው።

ያ ጆሮ ከዳኝ። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ትንኝ ጠፋች። ከቤታችን የወጣች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን አጠገቤ ሆና እጇን እያጨበጨበች ትገድላለች። ቀጥሎ የታክሲ ረዳቶች ፉጨት ጠፋ። ወፍራም ወፍራሙ ድምፅ አለ፤ የከባድ መኪናው ጉርምርምታ፣ የመስጊዱ አዛን፣ የመድኃኔዓለም ደወል አልተለየኝም። ቀጭን ቀጭኑ ነው የሄደው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር። ጆሮዬ ሄደ ካልኩ ሥራዬ ሄደ ማለት ነው። ሰው ሲያናግረኝ አፉን አያለሁ። ሞተር ስማልኝ ሲሉኝ ደግሞ እንደ ዱሮው ዓይኔን እጨፍንና ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ከዚያ በልምድ እገምታለሁ። ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ቢገምትም ብዙ አይርቅም። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ።

ታዲያ አንድ ሰኞ ሐጂ መኪናዋን ይዞ መጣ።

ሐጂ የምለው የልጅነት ጎረቤቴን ነው። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከሐጅ ከተመለሰ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ስለሚጠራው እኔም ለመድኩት። መኪናዋ የአባቱ ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ዝቅ ያለች፣ ለሩጫ የተሠራች መኪና ናት፤ በንጉሡ ጊዜ አገሩ ከሚገባ አንድ ፈረንጅ ነው አባቱ የገዟት ይባላል። ቀይ ነበረች፤ አሁን የከረመ በርበሬ ነው የምትመስለው። የፊት መብራቶቿ እንደ ሌላ መኪና ፊት ለፊት አይታዩም። ቀን ቀን ከነክዳናቸው ተኝተው ይውላሉ። ማብሪያውን ስትስበው ሁለቱም ክዳን ብድግ ይልና እንደ እንቁራሪት ዓይን ይፈጣሉ። ልጅ ሆነን ይህን ለማየት ብቻ የአባቱን መምጫ ደጅ ላይ ቆመን እንጠብቅ ነበር።

ያን ሰኞ ግን የቀኙ ሲነሳ የግራው ግማሽ ላይ ቀረ። ዳገት ላይ ጭራሽ ይከደናል አለኝ። ለዓመቱ ምርመራ ወስዷት፣ ሁለቱ እኩል ተነስተው እኩል ካልቆሙ ቦሎ አትለጥፍም ብለው መልሰውታል። ለሐሙስ ቀጥረውታል። እኔ የሳቅኩት ግን በሌላው ነው።

"ሐጂ ሆኜ ተመልሼ፣ ጦር ኃይሎች ላይ መንገድ ተዘግቶ ቆሜ፣ መኪናዬ የሰው ሚስት ትጠቅሳለች" አለኝ። "ዓይኗን የምታጠፋው እሷ፣ የሚታየው የኔ ሽበት።"

ልጆቹ ሁለቱንም መብራት ወደ ላይ አስነስተህ አስበይዳቸውና ተገላገል ብለውታል። እሱ አልፈለገም። "ዓይኑ ተገልጦ የሚቀር ሬሳ ነው" ብሎ እንደመለሰላቸው ነገረኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ አንተ ካልሰማሃት ማን ይሰማታል ብሎኝ ወደ ሱቁ ሄደ። እኔም ቁልፉን በእጄ ይዤ ለራሴ ተናገርኩ፤ ይችን ካላገኘሁላት እውነትም አርጅቻለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ አልኩ። እንዲሁ የተባለ አልነበረም። የምሬን ነው።

የእነዚህ መብራቶች ነገር ለማያውቀው ሰው ግራ ያጋባል፤ የሚያነሳቸው ኤሌክትሪክ አይደለም። ሞተሩ ሲሠራ አየር ይጠባል፣ ሕፃን ጡት እንደሚጠባ። ከሞተሩ አንድ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይወጣና ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ መብራት ይሄዳል። እያንዳንዱ መብራት ሥር ጣሳ የምታህል ነገር አለች፤ በውስጧ ስስ ጎማ ተወጥሯል። ሞተሩ በቱቦው ሲጠባ ስስ ጎማው ይሳባል፤ እሱ ሲሳብ ዘንጉን ይጎትታል፤ ዘንጉ መብራቱን ያነሳል። አለቀ። መንገድ ላይ ቀዳዳ ካለ ሞተሩ የሚጠባው የውጭ አየር ይሆናል፣ መብራቱም አቅም ያጣል። ዳገት ላይ ነዳጁ ሲረገጥ ደግሞ የሞተሩ መጥባት ራሱ ይደክማል፤ ለዚህ ነው ዳገት ላይ ዓይኗ የሚከደነው።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እንዲሠራ ተውኩት። ከዚያ ወደ ግራ የሚሄደውን ቱቦ መገንጠያው ላይ ጨርቅ በጠቀለልኩበት ፒንሳ ቆነጠጥኩት። የቀኙ መብራት ከበፊቱም ፈጥኖ ብድግ አለ። ስለዚህ የሚያፈሰው በግራ በኩል ነው። ቀጥዬ የሁለቱን መብራቶች ጣሳ አቀያየርኳቸው። የግራው መብራት አሁንም ግማሽ ላይ ቀረ፤ ወደ ቀኝ የሄደችው ጣሳ ደህና ሠራች። ስለዚህ ጣሳዋ ጥፋት የለባትም። የቀረው ቱቦው ነው። እስከዚህ ድረስ ሥራዬ የሚያሳፍር አልነበረም።

ቱቦውን በምን ልፈትሸው? ጎሚስታ የሚያውቀውን ይሠራል። ሳሙና በኩባያ በጠብጬ፣ አረፋውን በቀለም ብሩሽ ከመገንጠያው ጀምሮ ቱቦው ላይ ቀባሁ። በጎማ ውስጥ ያለው የካላማዳሪ ቀዳዳ እንዲህ ነው የሚገኘው፤ አየሩ በሚወጣበት ቦታ አረፋው ይነፋል። መነጽሬን አድርጌ በየስንዝሩ ጎንበስ እያልኩ ጠበቅኩ። አንድም ቦታ አልተነፋም።

የሚታየው ቱቦ ወደ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ በጎማው ላይ ባለው ላሜራ ውስጥ ይገባና በመብራቱ ሥር ይወጣል። ዱሮ አንድ ጊዜ ተጋጭታ ያ ቦታ በብየዳ ተደፍኗል። የሚታየው ደህና ከሆነ ቀዳዳው የተደፈነው ውስጥ ነው ማለት ነው። እዚያ ለመድረስ ላሜራውን መቁረጥ ያስፈልጋል።

ማክሰኞ ማታ ሐጂ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ነገርኩት። ላሜራውን በእጁ ዳበሰው። አባቱ በየዓርቡ እያበሱ ያሳደጓት መኪና ናት።

"ጆሮህ ምን አለህ?" አለኝ።

ይህችን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጆሮዬ ምንም አላለኝም ማለት እችል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

"እዚህ ውስጥ ነው ብሎኛል" አልኩት።

 "እንግዲያው ቁረጥ" አለኝና ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ነው፤ ወስዶኛል። ግን ስነቃ ያው ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። በሕይወቴ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ መሳሳት የሥራው አንድ ክፍል ነው። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ የሰው ንብረት ግን አስቆርጬ አላውቅም። ሰው እያረጀ ሲሄድ ይጠነቀቃል ይላሉ። እኔን ያየ እንዲያ አይልም።

ረቡዕ ጠዋት በጠመኔ የሚቆረጠውን መስመር ላሜራው ላይ አሰመርኩ። ቆርጦ መልሶ የሚበይድልኝን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠርኩት። ከዚያ ሥራ አልነበረኝም። ሞተሩን አስነስቼ፣ ካቻቢቴውን ከጆሮዬ ኋላ አስደግፌ፣ ቱቦው ላይ፣ ላሜራው ላይ፣ እንደገና ቱቦው ላይ አዳመጥኩ። የሞተሩ ጉርምርምታ አለ። ሌላ ነገር የለም። ዓይኔን ጨፍኜ እንዲያ ጎንበስ እንዳልኩ ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች።

ጾም ስለሆነ ሽሮ ነበር። ሳህኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እንደመቀመጥ ብላ ተመለሰችና ወደ መኪናዋ መጣች።

"ይኼ ነገር ያፏጫል" አለች።

"ምኑ?"

"እኔ ምን አውቄ። እንደ ፔርሙዛችን፣ ክዳኑ ሳይገጥም ሲቀር እንደሚለው።"

እሷ እንዲህ ስትል እኔ የማየው አፏን ነው።  እንደ ለመድኩት ራሴን መነቅነቅ እችል ነበር፤ አዎ ሰምቻለሁ፣ እሱን ነው የምሠራው ብል እሷም ወደ ምሳው ትመለስ ነበር። ዓይኔ ግን የጠመኔው መስመር ላይ አረፈ።

"እኔ አይሰማኝም" አልኳት። "ከሰማሁ ቆየሁ።"

ትደነግጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ወገቧ ላይ አሰረች።

"አውቃለሁ" አለች። "ለምንድነው አልጋው ላይ በቀኝህ በኩል መተኛት የጀመርኩት? የግራው ጆሮህ ብሶብሃል። በል አሁን የት እንደሆነ ልስማልህ። የማልነካውን ንገረኝ።"

ማራገቢያውን አሳየኋትና ከእሱ እንድትርቅ ነገርኳት። እሷም አንገቷን ወደ ኮፈኑ ሥር አስገባች። ከላሜራው በኩል ጀምሪ ብላት አይደለም አለችኝ፤ እዚያ ዝም ይላል። ወደ ሞተሩ ስትመጣ ደግሞ ጩኸቱ ይውጠዋል። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያለች እኔ የማላየውን ነገር በጣቷ ተከተለችው። ገበያ ውስጥ የጠፋባትን ልጅ በድምፁ እንደምትፈልግ እናት ነው የምትመስለው። መጨረሻ ላይ ቱቦው ወደ ላሜራው ሊገባ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ በማቀፊያ ብረት የታሰረበት ቦታ ላይ ቆመች። ጣቷን ከሥሩ ሰደደች። ከላይ ሳይሆን ከሥሩ።

"እዚህ ነው። አሁን ጸጥ አለ።"

እኔ ጸጥታውን አልሰማሁም። የሰማሁት ሌላ ነው፤ ጓ የሚል ወፍራም ድምፅ። የግራው መብራት በሙሉ ተነስቶ ማቆሚያው ላይ ሲደርስ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል ተገልጠዋል። ባለቤቴ ጣቷን ስታነሳ ግራው ቀስ ብሎ ወደቀ። መልሳ ስትደፍነው ተነሳ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመችው፤ መጀመሪያ ለኔ ለማሳየት ነበር፣ በኋላ ግን ነገሩ ስለጣማት ይመስለኛል።

መስታወት አምጥቼ ከሥሩ አየሁ። የማቀፊያው ብረት ጠርዝ ጎማውን በዓመታት ብዛት አሽቶ የጥፍር ያህል ሰንጥቆታል። ትናንት በአረፋው ብሩሽ አልፌበታለሁ። ለምን አላገኘሁትም? ኩባያው ውስጥ የተረፈውን ሳሙና አምጥቼ፣ እሷ ጣቷን ስታነሳ፣ ስንጥቁ ላይ ቀባሁት። አረፋው አልተነፋም። ተዋጠ። ልክ ሰው ቡና እንደሚምገው ስንጥቁ ፉት አደረገው።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ይኼ ቱቦ አየር የሚያወጣ አይደለም፣ የሚያስገባ ነው። ሞተሩ ይጠባል ብዬ ለናንተ ከላይ የጻፍኩትን ያኔም አውቀው ነበር። ለሐጂም ሰኞ ዕለት እንዲሁ ነው ያስረዳሁት። እጄ ግን ጎሚስታ ነው። የተማረው ካላማዳሪ ላይ ነው፣ የካላማዳሪ አየር ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጎንበስ ብዬ የሚነፋ አረፋ ስጠብቅ፣ ዓይኔ ሥር የሚዋጠውን አላየሁም። ጆሮዬ ቢኖር ኖሮ እጄን ያርመው ነበር። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ አንዱ የአንዱን ስህተት ሲሸፍን ነው የኖረው።

ሽሮው ቀዘቀዘ። እንዲያው በላነው። እየበላን ሳለ ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ያጠፋችው እሷ ናት፤ እኔ አላዘዝኳትም። በያጁ ሲመጣ ሥራ እንደሌለ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኩት። የተሰነጠቀውን ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ ጣልኩ፤ ሁለቱን ጫፍ በመዳብ ቁራጭ ቀጥዬ በቀጭን ሽቦ አሰርኩ። ማቀፊያው ብረት ሥር የካላማዳሪ ጎማ አለበስኩ፤ ዳግመኛ እንዳያሽ።

ሐጂ ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ያየው ያልተቆረጠውን ላሜራ ነው። ገብቶ ማብሪያውን ሳበ። ሁለቱም አንድ ላይ ተነሱ። አጠፋ፣ ተኙ። እንደገና ሳበ። ያ የልጅነቱ ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ፤ እኔም በዚያ ፈገግታ ላይ ዝም ልል ፈልጌ ነበር። ሥራው ተሠርቷል፤ ማን እንዳገኘው የጠየቀኝ የለም። ባለቤቴም ሳህኗን ይዛ ወደ በሩ እየሄደች ነው። አንድ ቃል አትናገርም፤ ይህን አውቃለሁ።

ጠርቼ አቆምኳት። ከዚያ ለሐጂ ነገርኩት። ትናንት ጆሮዬ ነገረኝ ያልኩህ ውሸት ነው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀጭን ድምፅ አልሰማም፣ ላሜራውን በከንቱ ላስቆርጥብህ ነበር አልኩት። ስናገር መሬት መሬት ነው የማየው፤ ስለዚህ አፉን አላየሁትም፣ መጀመሪያ ያለውም አመለጠኝ። ክንዴን ይዞ ወደሱ አዞረኝ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ የምጮህብህ ተቆጥቼ መስሎህ ነበር?" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር እንዲያ መስሎኝ ነበር። ሐጂ ከመካ ከተመለሰ ወዲህ ድምፁ ጨመረ፣ እርጅና ቁጡ አደረገው እያልኩ በልቤ አዝን ነበር። ይህን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ባለቤቴም ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ነገር ጠየቅኩት። እንደማልሰማ ካወቅህ ትናንት ለምን ቁረጥ አልከኝ አልኩት።

"ጆሮህ ምን አለህ ያልኩህ እንድትነግረኝ ብዬ ነበር" አለ። "አልነገርከኝም። ታዲያ ምን ላድርግ? ላሜራ ይበየዳል።"

ይህን ብሎ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ላሜራ ይበየዳል ብሎ ተወው፤ የማይበየደው ምን እንደሆነ እኔው ስጨርሰው ኖርኩ። ሐሙስ ዕለት ቦሎውን ለጥፎ በጋራዤ በኩል ሲያልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ ሁለቱንም መብራት ብድግ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ጋራዡን አልዘጋሁም። አሁን ደንበኛ ሲመጣ፣ ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም፣ አንተ ስማና ንገረኝ፣ ምን ይመስላል እለዋለሁ። አንዳንዱ ይደነግጣል፤ አብዛኛው ግን ደስ ብሎት ያዳምጣል፤ የራሱን መኪና ሰምቶ የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። የባሰ ከሆነ "ከምሳ በኋላ ና" እላለሁ። ሰዉም ከምሳ በኋላ ማን እንደሚመጣ አውቋል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ኮፈን ሥር አንገቷን ስታስገባ ያያት ሁሉ ሥራውን ከኔ የተማረች ይመስለዋል። ያቺን የሐጂን መኪና ዓይን የገለጠች፣ እኔንም ያን ረቡዕ ያሻገረችኝ ግን እሷ ናት፤ ባለቤቴ።